ከስልክ ማዞሪያ እስከ መረብ ማቀያየሪያ፤ የመሣሪያ መግቢያ ስያሜዎች አመጣጥ

የሙያ ቃል ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ቃሉ ከተደላደለ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው ቃላት ግን በአማርኛ ገና አልተደላደሉም። እነዚህም የኮምፒዩተር መረብን የሚያገናኘውን፣ በባለሙያዎች አፍ «ስዊች» የሚባለውን መሣሪያ ለማስተዳደር ወደ ውስጡ የሚገባባቸውን መንገዶች የሚሰይሙ ናቸው፤ ኮንሶል፣ ተርሚናል፣ ፖርት፣ ሞደም፣ የይለፍ ቃል፣ መግባት፣ መውጣት። ጉዳዩ የጥቂት መሐንዲሶች ብቻ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ዩኒቨርሲቲውም ሥራውን በነዚህ መሣሪያዎች ላይ ስላቆመ፣ የአሠራር መመሪያቸውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አንዲት ግስ ቢያዛንፍ ውጤቱ ከቋንቋ ስሕተት አልፎ ይሄዳል። ለዚህም ማስረጃ «ዘጋ» የምትለውን ግስ ከታች በተለይ እናነሣታለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሣሪያው ስም እንነሣ። «ስዊች» በእንግሊዝኛ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ብቅ ሲል ትርጉሙ ፈረሰኛ የሚይዘው ቀጭን አለንጋ፣ በእኛ አነጋገር ልምጭ፣ ማለት ነበር። ኋላ ባቡርን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሳልፈው ተንቀሳቃሽ ብረት በዚሁ ቃል ተጠራ፤ ልምጭ ወዲያና ወዲህ የሚታጠፍ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም። ከባቡር ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከኤሌክትሪክ ወደ ቴሌግራፍና ወደ ስልክ ተሻገረ። አማርኛ ከዚህ ረጅም ጉዞ የቤቱን መብራት ብቻ ለይቶ «ማብሪያ ማጥፊያ» አለ። ስያሜው ለታሰበለት ነገር እንከን የለበትም፤ ሠርቶ አደሩም ምሁሩም ይረዳዋል። ነገር ግን ተርጓሚዎች ይህንኑ ስም ለመረቡ መሣሪያ ሲሰጡት የሚፈጠረው ምስል የተሳሳተ ነው። የመረቡ ስዊች አያበራም፣ አያጠፋም። የሚመጣለትን የመረጃ ጥቅል ተቀብሎ፣ አድራሻውን አንብቦ፣ ባለ አድራሻው ወዳለበት ቀዳዳ ብቻ ያሳልፈዋል። ሥራው የመብራት ቁልፍ ሳይሆን የስልክ ማዞሪያ ሥራ ነው።

ዝምድናው በታሪክም የተረጋገጠ ነው። በመጀመሪያው የስልክ ዘመን ማዞሪያው ሰው ነበረ፤ ደዋዩ የሚፈልገውን ሰው ስም ይናገራል፣ ማዞሪያዋ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ በሌላው ትሰካለች። አልመን ስትሮውጀር የተባለ አሜሪካዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት አስፈጻሚ ይህን ሥራ በራሱ የሚያከናውን መሣሪያ ፈልስፎ በ1891 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ለዚህ ያነሣሣው ምክንያት፣ አንዲት የማዞሪያ ሠራተኛ የእርሱን ደንበኞች ወደ ተወዳዳሪው ትመራበት ስለ ነበር ነው ይባላል። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ማዞሪያ በ1892 ሥራ የጀመረባት የኢንዲያና ከተማ ስሟ ላ ፖርት ነው፤ በፈረንሳይኛ «በሩ» ማለት መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን፤ ስለ በር ከታች የምንለው ስላለን።

በአገራችን ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲገባ ከዕቃው ጋር የመጣው ቃል ከዐረብኛው «ሲልክ» የተገኘ ነው፤ የዐረብኛው ፍቺ ሽቦ ነው። ማለትም ሌላው ዓለም መሣሪያውን «ሩቅ ድምፅ» ብሎ ሲሰይም፣ እኛ በዐይን በሚታየው፣ በተዘረጋው ሽቦ ጠራነው። ዛሬ ያለ ሽቦ የሚሠራውን የኪስ ስልክ «ስልክ» ስንል ጥንተ ትርጉሙን የሚያስብ የለም፤ ማሰብም አያስፈልግም። ቃል ከሥሩ ከተነቀለ በኋላ በራሱ ይቆማል። ይህ ትዝብት ለተርጓሚ ሁለት ጎን አለው፤ ውሰት ቃልን አለመፍራት፣ ሆኖም ቃሉ በተቀባዩ ቋንቋ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚገባ መመርመር።

በኮምፒዩተር መረብ ዓለም «ስዊች» የሚለው ስም የገነነው ካልፓና የተባለው የካሊፎርንያ ኩባንያ በ1990 ባለ ብዙ ቀዳዳ መሣሪያውን «ኢተርስዊች» ብሎ ባወጣ ጊዜ ነው። ያው መሣሪያ በአሠራሩ ከዚያ በፊት «ድልድይ» ይባል የነበረው ዓይነት ነበር፤ አዲሱ ነገር ፍጥነቱና የቀዳዳዎቹ ብዛት ነው። ሲስኮ ኩባንያውን በ1994 ገዛው፤ ስሙም በዓለም ተዳረሰ። እንግዲህ በእንግሊዝኛም ቢሆን ስሙ የተመረጠው በሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን በገበያ ነው። እኛ «ማቀያየሪያ» የሚለውን እንመርጣለን። «አቀያየረ» ማለት ነገሮች እርስ በርስ እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው፤ ድግግሞሹ በብዙዎች መካከል የሚደረግ ልውውጥን ያሳያል፤ «ማ-» እና «-ያ» መሣሪያነትን ይሰጣሉ። «ማዞሪያ» ከዚህ ይልቅ የቆየና የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ተርጓሚዎች ለራውተር ስላዋሉት ከእነርሱ ነጥቆ መመለሱ ጥቅም የለውም። በንግግር «ስዊች» የሚለውን ማንም አይከልክል።

ወደ መግቢያዎቹ እንለፍ። አዲስ ማቀያየሪያ ከሳጥኑ ሲወጣ ዕውርና ደንቆሮ ነው፤ አድራሻ የለውም፣ በመረቡ በኩል ማንም ሊያናግረው አይችልም። ስለዚህ ባለሙያው በአካል ቀርቦ፣ ኮምፒዩተሩን በገመድ ከአንድ የተለየ ቀዳዳ ጋር ያገናኛል። ይህ ቀዳዳ ኮንሶል ይባላል። የቃሉ ታሪክ የሚገርም ነው። በፈረንሳይኛ ኮንሶል ከግድግዳ ወጥቶ መደርደሪያን ወይም ሰገነትን የሚሸከም ድጋፍ ነበር፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች የሚቀመጥበት፣ መምቻዎቹ የተደረደሩበት ክፍል ሆነ፤ ከዚያ የማናቸውም ትልቅ መሣሪያ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ። ዛሬ ጠረጴዛውም ቀርቶ የጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ብቻ ተርፋለች። «ተርሚናል» ደግሞ ከላቲኑ «ተርሚኑስ»፣ ወሰን ወይም ዳርቻ፣ የመጣ ሲሆን የመስመሩ ጫፍ ማለት ነው። አዲስ አበቤ ይህን ቃል የሚያውቀው ከአውቶቡስና ከአውሮፕላን ጣቢያ ነው፤ መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተርሚናሎች የቴሌታይፕ መኪናዎች ነበሩ። በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደላት በወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። መኪናው ከቢሮዎች ቢወገድም አሕጽሮቱ አልተወገደም፤ ዛሬም የሲስኮ ማቀያየሪያ በሩቅ የሚገባባቸውን መስመሮች «ቪ ቲ ዋይ» ይላቸዋል፤ ፍቺውም «ምናባዊ ቴሌታይፕ» ነው። የሞተ መሣሪያ ስም በሕያው መሣሪያ ውስጥ ሲኖር፣ ተርጓሚው ሙቱን መተርጎም የለበትም፤ «የሩቅ መግቢያ መስመር» ቢል በቂ ነው።

«ፖርት»ን ግን ብዙዎች «ወደብ» ብለውታል፤ በዚህ አንስማማም። በእንግሊዝኛ ሁለት «ፖርት»ዎች አሉ። አንዱ ከላቲኑ «ፖርቱስ» የመጣው የባሕር ወደብ ነው፤ ሌላው ከ«ፖርታ»፣ ከበር፣ የመጣው በመርከብ ጎን ያለ ቀዳዳ ወይም መግቢያ ነው። የመሣሪያው ፖርት ሁለተኛው ነው። ወደብ መርከብ የሚያርፍበት፣ ጭነት የሚራገፍበት ሥፍራ ነው፤ በማቀያየሪያው ቀዳዳ ላይ ግን የሚያርፍ ነገር የለም፣ ሁሉም ያልፋል። «በር» ትክክለኛው ነው፤ «የኮንሶል በር»፣ «የመረብ በር»። ማለፍን፣ መከልከልን፣ መዝጋትንና መክፈትን የሚመለከቱ የአማርኛ ቃላት ሁሉ ከበር ጋር ቀድመው የተዋወቁ ናቸው።

በር ካለ ዘበኛ አለ። «የይለፍ ቃል» ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተገለበጠ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ይሁንና «ይለፍ» በአማርኛ የራሱ ሕይወት አለው፤ በሰዓት እላፊ ዘመን «የይለፍ ወረቀት» ምን እንደ ነበር ያ ትውልድ አይረሳውም። ስያሜው የሰመረው ለዚህ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃል ቀደም ብሎ ሥራ ላይ ከዋለባቸው አንዱ በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የታየው፣ ፈርናንዶ ኮርባቶ የመራው የጋራ መጠቀሚያ ሥርዐት ነው። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የይለፍ ቃላቱ መዝገብ በስሕተት ለሚገባው ተጠቃሚ ሁሉ እንደ ዕለቱ ማስታወቂያ ታትሞ ወጥቷል። ዘበኛው ራሱ ምሥጢሩን አወጀ ማለት ነው።

በሲስኮ ማቀያየሪያዎች ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ልማድ አለ። በሩቅ መስመር የሚመጣ ሰው፣ የይለፍ ቃል አስቀድሞ ካልተበጀለት፣ «የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፣ ግን አልተበጀም» ተብሎ ይመለሳል። በኮንሶል በኩል የመጣ ግን፣ ባለቤቱ ሌላ ካላዘዘ፣ ሳይጠየቅ ይገባል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ኮንሶሉ ጋ የደረሰ ሰው የክፍሉን ቁልፍ የያዘ፣ በአካል የታወቀ ነው ከሚል ጥንታዊ እምነት የመነጨ ነው። እምነቱ የሚሠራው ኮንሶሉ በክፍሉ ውስጥ እስከ ቀረ ድረስ ነው። ሞደም ሲገጠምለት ግን ክፍሉ ዓለምን ያህል ይሰፋል።

ሞደም ምንድን ነው? ስሙ የሁለት ቃላት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ምልክትን በተሸካሚ ድምፅ ላይ መጫንን፣ ሁለተኛው ከዚያ ማውረድን ይመለከታል። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ በመሆኑ በሰከንድ ከ300 እስከ 3400 ንዝረት ያለውን ብቻ ያሳልፋል፤ የኮምፒዩተሩ አንድና ዜሮ በዚያ ለማለፍ ድምፅ መሆን አለባቸው። በ1962 የወጣው ቤል 103 ደዋዩ ለዜሮ 1070፣ ለአንድ 1270 ንዝረት፣ ተደዋዩ ደግሞ 2025 እና 2225 ንዝረት እንዲያሰማ በማድረግ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በሰከንድ 300 ቢት እንዲነጋገሩ አስቻለ። ለሞደም «ጫኝ አውራጅ» የሚል አቻ ብናቀርብ ፍቺው ልክ ነው፤ ነገር ግን በመናኸሪያና በገበያ ዕቃ የሚሸከመውን ሰው ስም ለዚህ ሳጥን መስጠቱ ሳቅ እንጂ ግንዛቤ አያመጣም። «ሞደም» በአማርኛ ፊደል ሲጻፍም ሲነበብም ስለማያስቸግር፣ እንዳለ ይቆይ እንላለን። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1997 ሲጀመርም ደንበኛው የተዋወቀው በስልክ ከሚደውለው ሞደም ጋር ነበር፤ ያን የሚንጫረር ድምፅ የሰማ ጆሮ ሌላ ስም አይፈልግም።

ስለዚያ ድምፅ ካነሣን፣ ሁለት ሞደሞች ሲገናኙ የሚያደርጉትን ምልልስ እንግሊዝኛው «እጅ መጨባበጥ» ይለዋል። እያንዳንዱ ማንነቱን፣ የሚችለውን ፍጥነት ያሳውቃል፤ መስመሩ ካልተመቸ ዝቅ ባለው ይስማማሉ። በእኛ ዘንድ ይህን የሚመስለው የእጅ ንክኪው ሳይሆን እንደምን አደሩ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ከብቱስ እየተባለ የሚቀጥለው ጥያቄና መልስ ነው። «የመግቢያ ሰላምታ» የሚለው ስያሜ ተገቢ ይመስለናል።

በ1981 ሄይስ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ስማርትሞደም ሞደምን በጽሑፍ ለማዘዝ አስቻለ። ትእዛዞቹ «ኤ» እና «ቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራሉ፤ እነዚህም «አተንሽን» ከሚለው ቃል የተወሰዱ ናቸው። አማርኛ ለዚህ ከወታደር ቤት የተገኘ ድንቅ አቻ አለው፤ «ተጠንቀቅ!»። ፊደላቱ መተርጎም የለባቸውም፤ መሣሪያው የሚያውቀው እነርሱን ብቻ ነውና። በማብራሪያው ግን «ሞደሙን ተጠንቀቅ ማስባያ» ቢባል አንባቢው ወዲያው ያያል። መሣሪያን አንቱ የሚል ስለሌለ፣ ለመሣሪያ የሚሰጥ ትእዛዝ በነጠላ ሁለተኛ መደብ፣ መሣሪያው ለሰው የሚያሳየው መልእክት ደግሞ በአክብሮት ቢሆን ሥርዐቱ ይጠበቃል።

ሞደምን ከማቀያየሪያ ጋር ሲያገናኙ የሚፈጠር አንድ አስቂኝ ችግር አለ። ሞደሙ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ «እሺ» ብሎ የሚመልስ፣ የተጻፈለትንም መልሶ የሚያሰማ ነው፤ ኮንሶሉም እንዲሁ። ማቀያየሪያው ስለ ራሱ ሁኔታ አንድ መልእክት በኮንሶሉ ላይ ቢያወጣ፣ ሞደሙ ሰምቶ ያስተጋባል፤ ኮንሶሉ የተስተጋባውን እንደ ትእዛዝ ይቆጥርና እርሱም ያስተጋባል፤ ሁለቱ ሳጥኖች ያለ ሰው ሲነጋገሩ ያድራሉ። ስለዚህ ባለሙያዎች ሞደሙ ከመገጠሙ በፊት ማስተጋባቱንና መልስ መስጠቱን ያጠፉበታል፤ በመጀመሪያው ጥሪ መስመሩን እንዲያነሣም ያዝዙታል። መመሪያ የሚተረጉም ሰው «ኤኮ»ን «ገደል ማሚቶ» ቢል ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ ትእዛዙ ግን «አታስተጋባ» ቢሆን ይመረጣል።

አሁን «ዘጋ» ወደምትለው ግስ ደረስን። ራውተሮች ብዙውን ጊዜ ለሞደም የተለየ በር አላቸው፤ አብዛኞቹ ማቀያየሪያዎች ግን ስለሌላቸው ሞደሙ የሚሰካው በኮንሶሉ በር ነው። የኮንሶሉ በር ደግሞ ሞደሙ «መስመሩ ተቋርጧል» ብሎ የሚያሳውቅበትን ምልክት አያዳምጥም። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር ይሆናል። ባለሙያው ከማቀያየሪያው ቢወጣ ስልኩ ራሱ አይቋረጥም፤ ይህ የገንዘብ ኪሳራ ነው። ባለሙያው ሳይወጣ ስልኩ ቢቋረጥ ግን ማቀያየሪያው ሰውየው አሁንም በቦታው ያለ ይመስለዋል። ቀጥሎ በዚያ ቁጥር የሚደውል ማንኛውም ሰው፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ፣ በመጀመሪያው ሰው ሥልጣን ላይ ይቀመጣል። አምራቾቹ ይህን ያውቃሉ፤ ያለ ሥራ የቆየ ግንኙነት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንዲቋረጥ ማድረግን ይመክራሉ። ይህ ቀዳዳውን ያጠብበዋል እንጂ አይደፍነውም።

እንግዲህ ተርጓሚው «ሥራዎን ሲጨርሱ ይዝጉ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? በአማርኛ በር ይዘጋል፣ መዝገብ ይዘጋል፣ ኮምፒዩተር ይዘጋል፣ ስልክም ይዘጋል። በስልክ የገባ ሰው «ይዝጉ» ሲባል በመጀመሪያ የሚመጣለት ስልኩን መዝጋት ነው። ታዛዡ መመሪያውን በታማኝነት ፈጽሞ በሩን ወለል አድርጎ ትቶት ይሄዳል። በእንግሊዝኛው መመሪያ ሁለቱ ድርጊቶች በሁለት የተለያዩ ግሶች የተገለጹ ናቸው፤ አማርኛው በአንድ ግስ ሲያጠቃልላቸው የጠፋው የአጻጻፍ ውበት ሳይሆን የመሣሪያው ጥበቃ ነው። አንዳንዶች ለመጀመሪያው ድርጊት «መሰናበት» የሚለውን ያቀርባሉ፤ ቆንጆ ቃል ነው፣ ነገር ግን ከሥራ መባረርንም ስለሚያመለክት በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ውስጥ አይመችም። እኛ «መግባት»ና «መውጣት» ለማቀያየሪያው፣ «ማንሣት»ና «መዝጋት» ለስልኩ ብቻ ተከፍለው እንዲሠራባቸው እናሳስባለን። መመሪያውም «በመጀመሪያ ከማቀያየሪያው ይውጡ፤ መውጣትዎን ካረጋገጡ በኋላ ስልኩን ይዝጉ» ይላል። ረዝሟል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ይርዘም።

በሩቅ የመግባት ታሪክ በሞደም ብቻ አያበቃም። በ1969 የተጀመረው ቴልኔት በመረቡ በራሱ በኩል መግባትን አስቻለ፤ የይለፍ ቃሉን ግን እንደ ፖስታ ካርድ ገልጦ ይልከዋል። በ1995 የሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ታቱ ዩሎነን፣ በዩኒቨርሲቲው መረብ የይለፍ ቃላት ከተሰረቁ በኋላ፣ «ኤስ ኤስ ኤች» የተባለውን የተመሰጠረ መንገድ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሞደሙን አላስፈላጊ አድርገው ቆጠሩት።

ይሁንና መረቡ ሲወድቅ በመረቡ በኩል መግባት አይቻልም። እንግሊዝኛው በዚህ ረገድ ከስልክ ምህንድስና የወረሰው ክፍፍል አለ፤ «ኢን ባንድ» እና «አውት ኦፍ ባንድ»። ባንድ እዚህ የንዝረት ክልል ነው፤ ጥንት የስልክ ማዞሪያዎች እርስ በርስ የሚተዛዘዙት የሰው ንግግር በሚያልፍበት በዚያው ክልል ውስጥ በ2600 ንዝረት ድምፅ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አንዳንድ ወጣቶች ያንኑ ድምፅ በፉጨት እያሰሙ በነፃ ይደውሉ ነበርና፣ ትእዛዝን ከንግግር መለየት ግድ ሆነ። ቃሉ ወደ መረብ ሲሻገር ፍቺው ተለወጠ፤ አሁን የሚያመለክተው አስተዳዳሪው የሚገባበት መንገድ ከተጠቃሚዎች መንገድ ጋር አንድ ነው ወይስ የተለየ የሚለውን ነው። በአማርኛ «ባንድ» ብሎ መተው አይቻልም። አንባቢው «በአንድ» ብሎ ያነብበዋል፣ ወይም የሙዚቃ ጓድ ይመስለዋል፣ ሲከፋም ባንዳን ያስታውሰዋል። «የጓሮ በር»ም አይሆንም፤ በእኛ አነጋገር በጓሮ በር የሚገባ ሕገ ወጥ ነው፣ በኮምፒዩተር ሙያም ቃሉ የተሰወረ ሕገ ወጥ መግቢያን ይሰይማል። «የዋና መስመር አስተዳደር» እና «የጎን መስመር አስተዳደር» የሚሉት ጥንድ ስያሜዎች ልዩነቱን ያለ ጥርጥር ያሳያሉ።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስል፣ በጥቅምት 4 ቀን 2021 የፌስቡክ ኩባንያ መረብ ከ6 ሰዓት ገደማ ለሚሆን ጊዜ ከዓለም መጥፋቱን እንጠቅሳለን። ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የማእከላቱን ግንኙነት ሁሉ ቆረጠ። ኩባንያው ኋላ እንደ ገለጸው ዋናው መስመር ብቻ ሳይሆን የጎን መስመሩም በዚያው ጊዜ አልሠራም፤ ስለዚህ መሐንዲሶች በአካል ወደ ማእከላቱ ተልከው፣ ጥብቅ የሆነውን የጥበቃ ሥርዐት አልፈው፣ መሣሪያዎቹ ዘንድ ቀርበው ሠሩ። ዛሬ በብዙ ቦታ የስልኩን ሽቦ ሞደም የተካው በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ የሚሠራ ሞደም ነው፤ የሚሰካው ግን አሁንም በኮንሶሉ በር ነው።